የቅዳሜው የዱቫል አውቶብስ

እናኑ ስልክ የደወለችው ማንአልሞሽ የታጠበ ልብስ አልጋ ላይ ከምራ ስታጣጥፍ ነው። እናኑ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ናት። ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ቦተል ከተማ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ወሬ ስትጀምር ሁልጊዜ ከሩቅ ነው የምትነሳው፤ ያን ቀን ግን ሰላምታዋን እንኳ በወጉ አልጨረሰችም።

«ማኔ፣ ገብረሕይወት ዛሬ ሥራ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ቅዳሜ አይደል? ኦቨርታይም ነው። ምነው?»

«ሶ... እኔ እንጃ። ብሬክ ወጥቼ አውቶብስ መጠበቂያው ጋ አየሁት። ከአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጋር። የዱቫሉን አውቶብስ ይዘው ሄዱ።»

«የምኑን?»

«የዱቫሉን። ገጠር የሚሄደውን። ደሞ እየሳቀ ነበር።»

ማንአልሞሽ በእጇ ይዛው የነበረው የባሏ ሸሚዝ ነው። እንደያዘችው ቁጭ አለች። ባሏ ሥራ ነኝ ብሎ ገጠር መሄዱ ያስደነግጣል፤ እሷን ይበልጥ ክው ያደረጋት ግን መሳቁ ነው። ገብረሕይወትን አግብታ ሰባት ዓመት ኖራለች፤ ጥርሱን ያየችበትን ቀን ለማስታወስ ማሰብ ነበረባት።

ገብረሕይወት ሲያትል መሐል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው። ዝምተኛ ነው። ቤት ሲገባ «ደህና ዋልሽ» ይላል፤ ሲተኛ «ደህና እደሪ» ይላል፤ በመካከል ያለው ቃል የሚለቀም ነው። ማንአልሞሽ ይህን አልጠላችውም። ጉለሌ ስታድግ አባቷ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ስለነበሩ ጨዋነትንና ዝምታን አንድ አድርጋ ነው የምታየው። የስፖርት ጃኬት በሚሰፋበት ፋብሪካ፣ በመኪና ጩኸት መሐል ስለምትውል ደግሞ የባሏ ዝምታ እረፍቷ ነበር።

ሊያገባት የጠየቀ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ሳህሌ ስለ ቤተሰቡ ጠይቀውት ነበር። «አባቴም እናቴም ዐርፈዋል» አለ፤ ከስማቸው በቀር ሌላ አልጨመረም። በሠርጓ ዕለት፣ ልጇ ሲዳር ላላየችው ለዚያች እናት፣ መጋረጃ ጀርባ ገብታ አለቀሰች። ሴት ልጅ ስትወልድም ስሟን ራሷ አወጣችላት፤ ጥሩብርሃን አለቻት፣ በሟች አማቷ ስም። ገብረሕይወት ያኔ ወደ መስኮቱ ዞሮ ብዙ ቆየ። ሐዘን መስሏት ነበር።

አሁን ሸሚዙን እንደያዘች አንድ ሐሳብ ብቻ መጣላት። ሴት አለችው።

ማታ ሲመጣ አልጠየቀችውም። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ቃል ሳትተነፍስ ሰነበተች። ብትጠይቀው ይመልስላታል፤ የፈራችው መልሱን ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ «ሥራ ልሂድ» ብሎ ሲወጣ ልጇን ለጎረቤት ሰጠች፣ የዝናብ ካፖርቷን ደረበች፣ ከሰፈራቸው ከሌክ ሲቲ ወደ ቦተል የሚሄደውን አውቶብስ ያዘች። ቦተል ስትደርስ የሱ አውቶብስ ሄዷል። የሚቀጥለው እስኪመጣ ዝናብ እያየች ቆመች።

የዱቫሉ አውቶብስ ትንሽና ባዶ ነበር። ሾፌሩ ጢሙ የሸበተ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ማንአልሞሽ በመስታወት ውጪውን አየች፤ ሕንጻው አለቀ፣ ሱቁ አለቀ፣ ጥድ ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ውሃ የተኛበት ሜዳና ላሞች መጡ። አሜሪካ እንዲህ ያለ አገር እንዳለው አታውቅም ነበር። የት እንደምትወርድ እንኳ አለማወቋ ያኔ ትዝ አላት። ተነስታ ሾፌሩ አጠገብ ሄደች።

«ይቅርታ፣ ከትናንሽ ፌርማታዎቹ በአንዱ የሚወርድ ሐበሻ... ጥቁር ሰው፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር...»

«ጌብና ሌን?» አለ ሾፌሩ ወዲያው። «ዶሪስ ጋ ናቸዋ! ዛሬ አዲስ በርሜል የሚከፈትበት ቀን ነው። ጌብ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቆሞ አንድ ቀልድ ነግሮኝ፣ በሳቅ ከመንገድ ልወጣ ነበር።»

ጌብ። ቀልድ። ማንአልሞሽ ብረቱን ይዛ ደርቃ ቀረች። ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ መሰላት። ሌንን ግን አወቀችው፤ ከነሱ ፎቅ በታች የሚኖር፣ በመርከብ ላይ ወጥ ቤት ሲሠራ አርጅቶ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ ነው። ደረጃ ላይ ሲያገኛት ባርኔጣውን ያነሳላታል። በሱ በኩል ክፉ ነገር ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

ሾፌሩ መንገድ ዳር፣ አንድ የእንጨት ቤት ፊት ለፊት አወረዳት። በመስኮቱ ላይ ቀይ የቢራ መብራት ይበራል። መጠጥ ቤት ነው።

ማንአልሞሽ በሕይወቷ መጠጥ ቤት ገብታ አታውቅም። ጉለሌ ልጅ ሳለች በጠላ ቤት ደጃፍ ስታልፍ አፍንጫዋን እንድትይዝ ነው የተማረችው። ዝናቡ ውስጥ ቆማ «ጌታ ሆይ፣ ባሌ ሰካራም ነው» አለች፣ ድምፅ አውጥታ። ሴት ይሻል ነበር ወይስ ይኼ፣ መወሰን አቃታት። በሩን ገፋችው።

መጀመሪያ የመታት ሽታው ነው፤ የብቅል ሽታ። ቀጥሎ ውሻ አየች፤ ሰው በሚቀመጥበት መሐል ተዘርግቶ የተኛ ትልቅ ውሻ። ጥቂት ገበሬ የሚመስሉ ሰዎች ዞረው አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁላት። ከባንኮኒው ጀርባ ጸጉሯን የጎነጎነች፣ ክንደ ወፍራም አሮጊት ቆማ ረጅም የእንጨት እጀታ ወደ ራሷ ትስባለች፤ ከጉድጓድ ውሃ እንደሚሳብ ሁሉ እየሳበች፣ ጠቆር ያለ መጠጥ ወደ ብርጭቆ ታወርዳለች።

ማንአልሞሽ ባሏን በዓይኗ ፈለገች። የለም። ዓይኗ በግድግዳው ላይ ዞረ፤ የዓሣ ፎቶ፣ የግንድ ቆራጮች ፎቶ፣ ትልቅ መጋዝ። በመካከላቸው፣ ልክ ከባንኮኒው በላይ፣ በመስታወት የተሸፈነ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ።

ነጠላ ያጣፉ ሐበሻ ሴትዮ ናቸው። በጭቃ ቤት ደጃፍ ቆመዋል። ከራሳቸው በላይ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቷል፤ ጠላ አለ የሚል ምልክት። ግንባራቸው ሰፊ ነው፣ ቅንድባቸው የተጋጠመ። ያ ግንባርና ያ ቅንድብ ዛሬ ጠዋት ጎረቤት ጋ ትታው የመጣችው የልጇ ነው።

ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

አሮጊቷ መጥታ አየቻትና ፊቷ ፈካ። «አንቺ የጌብ ሚስት ነሽ! እኔ ዶሪስ ነኝ። እንዲያመጣሽ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ። አማትሽን እያየሽ ነው? ሁላችንም እንወዳታለን። ለመሆኑ ጉልበቷ ተሻላት?»

«የማን?»

«የአማትሽ ነዋ። ባለፈው ወር ጉልበቷን ታማ ጋኑን ማንሳት አቅቷታል ብሎን ነበር።»

ማንአልሞሽ እንግሊዝኛዋ የከዳት መሰላት። በፋብሪካ የለመደችው ቋንቋ፣ እያንዳንዱ ቃል ይገባታል፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን አልገባ አለ። ባለፈው ወር። ታማ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ በሐዘን የምታስባት፣ በስሟ ልጅ የጠራችባት ሟች፣ ባለፈው ወር ጉልበቷን ታማ ነበር።

የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨበጠች። ዶሪስ ደንግጣ ሮጠችና አንድ ብርጭቆ ሞልታ ከፊቷ አስቀመጠችላት። ቀለሙን አይታ የፖም ጭማቂ መሰላት። አንስታ ግጥም አድርጋ ጠጣች። ሁለት ጉንጭ ከዋጠች በኋላ ነው ምላሷ የነገራት።

«ይኼ እኮ ጠላ ነው!» ብላ በአማርኛ ጮኸች። ውሻው ቀና አለ።

በዚህ መሐል የጓዳው በር ተከፈተ። ገብረሕይወትና ሌን የእንጨት በርሜል በሁለት ወገን ይዘው፣ እንደ ታመመ ሰው በቀስታ ተሸክመው ወጡ። ገብረሕይወት እጅጌውን ሰብስቧል፤ ለሌን አንድ ነገር እየነገረው ይስቃል። ሚስቱን ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ማኔ...»

«እናትህ በሕይወት አሉ?»

አማርኛ የሚሰማ የለም፤ የሆነው ነገር ግን ለሁሉም ገብቷቸዋል። ገብረሕይወት በርሜሉን በጥንቃቄ መደብ ላይ አሳረፈ። እጁን በሱሪው ጠረገ።

«አለች» አለ።

ማንአልሞሽ ተነስታ ወጣች። ከዝናብ በቀር የምትሄድበት የለም። አውቶብስ መጠበቂያው ዛኒጋባ ሥር ተቀመጠች፤ እሱም ተከትሏት መጥቶ ቆመ። ሌንም መጣ፣ ምን እንደሆነ ባያውቅም ብቻውን መቅረት አልፈለገም። አውቶብሱ ደግሞ ገና ነው።

ሰባት ዓመት ያልተናገረ ሰው ያን ቀን ተናገረ።

እናቱ ሸኖ ናቸው፣ በደሴ መንገድ፣ አውቶብስ ከሚቆምበት አጠገብ። ባላቸው ሲሞት ጠላ ጠምቀው አሳደጉት፤ ዩኒፎርሙም ደብተሩም ከጋኑ ነው የወጣው። ትምህርት ቤት ግን ልጆቹ «አንተ የጠላ ሻጭ ልጅ፣ አተላ አተላ ትሸታለህ» ይሉት ነበር። አዲስ አበባ ሲገባ ስለ እናቱ ማውራት ተወ። አሜሪካ ሲመጣ የረሳው መስሎት ነበር። ጋሽ ሳህሌ ስለ ቤተሰቡ የጠየቁት ዕለት ግን የዚያ ቀን ስብከት ስለ መጠጥ ነበር፤ መጠጥ ሻጭ ከጠጪው ይብሳል ተብሎ ጉባኤው አሜን ሲል ሰምቷል። ከስብከቱ በኋላ ነው «እናትህስ?» የተባለው።

«ጠላ ትሸጣለች ልል አፌን ከፈትኩ፤ ዐርፋለች የሚል ወጣ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልመልሳት? የሞተ ሰው እንዴት ብሎ ይመለሳል?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የገብረሕይወት ግን እያደር ከበደ። የአጎቱ ልጅ ይርጉ፣ በደሴ መንገድ ጭነት መኪና የሚነዳው፣ የእናቱን ወሬ የሚልክለት በመኪና ማቆሚያው አድራሻ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሌን «ና፣ ሕይወት ያለው ቢራ ላሳይህ» ብሎ ወሰደው። ሌን መኪና አይነዳም፤ በአገሩ በየገጠሩ እንደነበረው ያለ፣ ጋዝ ያልተሞላ፣ በርሜሉ ውስጥ እየፈላ ቆይቶ በእጅ የሚሳብ ቢራ ፍለጋ፣ የአካባቢ አውቶብስ እየቀያየረ የማይደርስበት መንደር አልነበረም። ዶሪስ ጋ ደረሱ። ገብረሕይወት አንድ ጊዜ ቀመሰ።

«ጉሽ ነው፣ ማኔ። ያልተጣራ የእናቴ ጉሽ። ሰው ፊት አለቀስኩ። ዶሪስ ምን ሆንክ አለችኝ፤ ነገርኳት። እናቴ ጠማቂ ናት ስላት ታውቂያለሽ ምን አለች? ‘ምነው እዚህ በነበረች’ አለች። እናቴን እንደዚህ ያላት ሰው አልነበረም። ፎቶዋን አምጣ አለችኝ፣ ሰጠኋት።»

ማንአልሞሽ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ፈነዳች።

«እኔ እኮ አለቀስኩላቸው! በሠርጌ ቀን! ልጄን በስማቸው ጠራሁ! ሰባት ዓመት አብሬህ ተኝቼ፣ አውቶብስ ሾፌሩ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም? ውሻው እንኳ ከኔ ይበልጥ ያውቅሃል!»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ አትበለኝ!»

አውቶብሱ መጣ። ፊት ተቀመጠች፤ እሱ ኋላ ሄደ። ሌን የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶት መሐል ላይ ብቻውን ተቀመጠና እስከ ቦተል ድረስ፣ አንዴ ለእሷ አንዴ ለእሱ የሚንት ከረሜላ ዘረጋ። ሁለቱም አልወሰዱም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ቀዘቀዘ። ማንአልሞሽ ስትሰፋ መርፌ ጣቷን ወጋት፤ ምግብ አሳረረች። ንዴቷ ለቅቋት በምትኩ ድንጋጤው ይመላለስባት ጀመር። ለሞተ ሰው ያለቀሰችውን ለቅሶ ምን ታድርገው? የምታውቀው የባሏ ታሪክ ሁሉ ፈርሶ፣ በምትኩ አንዲት አሮጊት ጋን እያነሱ ጉልበታቸውን ይታመማሉ። ባሏን ይቅር ለማለት ገና ነበረች፤ አሮጊቷ ግን ምን አደረጓት?

በሚቀጥለው እሑድ፣ ምስክርነት ያለው ይነሳ ሲባል ተነሳች። ምን እንደምትል አላዘጋጀችም። ገብረሕይወት አጠገቧ ተቀምጦ እጁን ጭኑ ላይ ጨበጠ።

«አማቴ...» አለች። «ሞተዋል የተባሉት አማቴ ወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ በሕይወት አሉ።»

«ሃሌሉያ!» አለ ጉባኤው። ጭብጨባው ተነሳ፣ እልልታው ቀለጠ። አንዲት እናት ተነስተው «ሙት የሚያስነሳ አምላክ!» እያሉ መዝለል ጀመሩ፤ ከበሮ መቺው ሳያስበው መታ። ማንአልሞሽ ደንግጣ እጇን ብታወዛውዝ ይበልጥ ጋለ። እናኑ ብቻ አፏን ይዛ ታያታለች።

«ኖ! ኖ! ቆዩ!» ብላ ጮኸች። «አልተነሡም! መጀመሪያም አልሞቱም! ባሌ ነው የዋሸው!»

ከበሮው ቆመ። አንድ ሕጻን «ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ?» ሲል ተሰማ። ማንአልሞሽ ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገረች፤ ጠላውን፣ ሸኖን፣ ዱቫልን፣ ሳታውቅ የጠጣቻትን ሁለት ጉንጭ ሳይቀር።

ማታውኑ ጋሽ ሳህሌ ቤት መጡ። ደክመዋል፣ ተቆጥተዋልም፤ ያን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ናቸውና ነገሩ በእጃቸው የተበላሸ መስሏቸዋል። ገብረሕይወት በቤተ ክርስቲያን ከሚሰጠው የመስተንግዶ አገልግሎት ለጊዜው እንዲያርፍ ተነገረው፤ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ጋሽ ሳህሌ ቀጠሉና «መቼም ከጠላ ቤት የወጣ ልጅ...» ብለው ሲጀምሩ ማንአልሞሽ ሳታስበው አቋረጠቻቸው።

«ጋሽ ሳህሌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዋሸ ብለው ይገሥጹት፣ ጠጣ ብለው ይገሥጹት። እሳቸውን ግን አይንኩብኝ።»

ገብረሕይወት ቀና ብሎ አያት። እሷም ብትሆን ከአፏ በወጣው ነገር ደንግጣለች፤ አማቷን ለመከላከል ስትነሳ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፣ አማት እንዳላት ያወቀችውም ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

የጎረቤቷ የዘሪቱ እህት አዲስ አበባ ልትሄድ መሆኑን ስትሰማ ማንአልሞሽ ካሴት ገዛች። ወጥ ቤት በሩን ዘግታ ድምጿን ቀዳች። ማን እንደሆነች ተናገረች፣ ልጇ በእንግሊዝኛ የምትዘምረውን አስገባች፣ «ሞተዋል ተብዬ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለች። ካሴቱ ከአዲስ አበባ ሸኖ በይርጉ ጭነት መኪና ሄደ።

መልሱ የመጣው ክረምቱ አልፎ ነው። ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ቴፑን አስቀምጠው ከፈቱት። መጀመሪያ የሰው ጫጫታ፣ የጣሳ ድምፅ፣ ከዚያ አንድ ሻካራ የሴት ድምፅ «ዝም በሉ እናንተ፣ አሜሪካ እያወራሁ ነው!» ሲል መጣ። ገብረሕይወት ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሰማሽ ልጄ» አለ ድምፁ፣ «እኔ እስካሁን ሞቼ አላውቅም። ጉልበቴ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነኝ። ይኼን ያለሽ ማን ነው? እሱ ነው? እንግዲያው አንቺም ስሚኝ። የልጅዎ ሚስት ነኝ ብለሽኛል። የምን ሚስት? በየዓመቱ አግባ እለዋለሁ፣ ‘አገሩ ቆንጆ የለውም’ ነው የሚለኝ። በሱ ወሬ አንቺም የለሽም እኮ! ልጅም አለችኝ ነው የምትይኝ? በኔ ስም? እንዴ! አንቺ ሴትዮ፣ ልቤን ልታቆሚው ነው?»

ማንአልሞሽ ቴፑን አጠፋችው። ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«አገሩ ቆንጆ የለውም?»

ገብረሕይወትን ላብ አጠመቀው። «ያለ ታቦት፣ ያለ ቁርባን አገባሁ ብላት፣ ጴንጤ ሆንኩ ብላት ትሞትብኛለች ብዬ...»

«እናትህን ለኔ ገደልክ፣ እኔን ለእናትህ ሳልፈጠር አስቀረኸኝ! ሁለታችንንም!»

ከዚያ የሆነው ለራሷም እንግዳ ነበር። ሳቅ መጣባት። በድንጋጤ የጀመረ፣ የማይቆም፣ ሆድ የሚይዝ ሳቅ። ገብረሕይወት መጀመሪያ ፈራ፣ ቀጥሎ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሰውየው ሳቀ። ጥርሱን አየችው። ዱቫል ያለው ጌብ የሚባለው ሰው፣ ሌክ ሲቲ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ይቅርታው ባንድ ቀን አልመጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አንዳንዴ አብራቸው ትሄዳለች፤ ሶዳዋን ይዛ ከዶሪስ ጋር ታወራለች፣ ሁለቱ ወንዶች በርሜሉን ሲያነሱ «ቀስ!» ትላለች። እናኑ ይህን ለማመን አንድ ዓመት ፈጀባት።

ያን ምሽት ግን ሳቁ ሲበርድላት አዲስ ካሴት አወጣች፣ ቴፑ ውስጥ ከተተች።

«አንተ ውጣ» አለችው።

«እኔም ልናገር እንጂ፣ እናቴ እኮ ናት።»

«ያንተን ሰምተናል። በሩን ዝጋው።»

ወጣ። ከበሩ ጀርባ ድምጿን እንጂ ቃሏን አልለየም፤ አንዴ ስትቆጣ፣ አንዴ ስታለቅስ፣ አንዴ ስትስቅ ይሰማል። ካሴቱ አንድ ገጽ አልቆ ስታገላብጠው ቀጭ ሲል ሰማ። ያን ዕለት ለእናቱ ስለ እሱ ምን እንደነገረቻቸው ስንት ጊዜ ቢጠይቅ ሚስቱም እናቱም አልነገሩትም።